ያጋደለው መስመር

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓቱ በታች፣ በመስታወት የተሸፈነ አንድ የወየበ ወረቀት ተሰቅሏል። ላዩ ላይ አንድ ትልቅ የጦር መርከብ አለ፤ ጥጉ ላይ ደግሞ የቀበሌ ማኅተም። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሠርጋችንን ፎቶ ዘሎ እሱን ነው የሚያየው። ባለቤቴ ለተብርሃንም ይህችን ሰዓት ትጠብቃታለች። «ይኼ እኮ» ትላለች፣ «ማርቆስ አባቴን ለማዳን ብሎ ራሱን አሳልፎ የሰጠበት ወረቀት ነው።» እንግዳው በአክብሮት ወደ እኔ ይዞራል። እኔ ደግሞ በዚያች ደቂቃ ጓሮ ሄጄ የማየው ነገር አላጣም።

ይህን ታሪክ ስንት ዓመት ሙሉ ስታወራው የኖረችው እሷ ናት። ዛሬ ተራው የእኔ ነው። እናንተም አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መንገድ ላይ ብታገኙኝ፣ ብድግ ብላችሁ ወንበር መልቀቅ አያስፈልጋችሁም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሀዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ በአንድ የመንግሥት ግንባታ መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ ነበርኩ። መሐንዲስ አልነበርኩም፤ መሐንዲሱ የሞነጫጨረውን በማስመሪያና በቀለም አሳምሬ የምገለብጥ ሰው ነበርኩ። ነገር ግን መስመሬ ቀጥ ያለ ነበር። አንዱ በመልኩ ይኮራል፣ አንዱ በዘሩ ይኮራል፤ እኔ የምኮራው በመስመሬ ነበር። በሌላ በምንም ነገር ብትሰድቡኝ እስቃለሁ፤ በመስመሬ ከመጣችሁ ግን እናቴንም አልሰማ።

እናቴ ቤት ለቤት ተሰብስበው በሹክሹክታ ከሚጸልዩት ጴንጤዎች አንዷ ስለነበረች፣ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ማውራት ልማድ ሆኖ ነበር። መሥሪያ ቤትም በዚያ ዘመን ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም። እኔ እንደ ልቤ የምጮኸው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ፣ ጋሽ በርሄ ብስክሌት ቤት።

ጋሽ በርሄ የትግራይ ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን ምፅዋ ላይ በመርከብ መካኒክነት ጨርሰው፣ አንድ ቀን ሰንሰለት ጉልበታቸውን ቢሰብራቸው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ሞተውባቸው ስለነበር አንዲት ልጃቸውን ይዘው ወደ አዋሳ መጡ። ለምን አዋሳን መረጡ ሲባሉ፣ «ሐይቁ ባሕር ይመስላል ብለው ዋሽተውኝ» ይሉ ነበር። ከተማው ሜዳ ስለሆነና ግማሹ ሕዝብ በብስክሌት ስለሚሄድ ብስክሌት መጠገን ጀመሩ። የተጣመመ የብስክሌት ሹካ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አይተው፣ ያለ ምንም መለኪያ ቀጥ ያደርጉታል።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ጎማ ፈንድቶብኝ ነው። ግድግዳቸው ላይ ከመጽሐፍ የተቀደደ የመርከብ ሥዕል ነበር። ጨዋታ ለመጀመር ያህል «ትልቅ ጀልባ ናት» አልኳቸው። መንፊያውን መሬት አስቀመጡት። ጀልባ እንዳልሆነች፣ ያማቶ የተባለች የጃፓን የጦር መርከብ እንደሆነች፣ በዓለም ላይ ከእሷ የሚተልቅ መድፍ የተሸከመ መርከብ ኖሮ እንደማያውቅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ። ጎማዬን ሳላስጠግን ሄድኩ። በሳምንቱ አንድ ሽፋን የሌለው የእንግሊዝኛ የመርከብ መጽሐፍ አዋሱኝ። እኔም አንብቤ ስጨርስ ወደ እሳቸው ተመልሼ፣ ያማቶ መልካም ናት፣ ግን የዘመኗ ምርጥ ንድፍ የአሜሪካኖቹ አዮዋ ናት አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ሰላም አልነበረንም።

ክርክሩ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እኔ ከሥራ ስወጣ ይጀመራል። እሳቸው በመድፉ ትልቅነትና በብረቱ ውፍረት ይመጣሉ። እኔ በፍጥነትና በጎኗ ብረት አቀማመጥ እመልሳለሁ። ጃፓን የማታ ማታ እጅ የሰጠችው በአዮዋ እህት መርከብ ላይ አይደለም ወይ እላለሁ። እሳቸው ያማቶን የገደላት አይሮፕላን እንጂ መርከብ አይደለም፣ ንብ የነደፈውን አንበሳ ፍየል አሸነፈችው አይባልም ይላሉ። ጎማ ሊያስነፉ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ጎራ ለይተው ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ባሕሩ ከእኛ ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ እኔ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ በዓሣ አጥማጆች ታንኳ ሐይቁ ላይ ወጥቼ፣ መሐሉ ሳልደርስ አስመልሶኝ በልመና ተመልሻለሁ።

አንድ ሰኞ ጋሽ በርሄ ሰለቻቸው። «ወደይ፣ አፍህ ረዘመ» አሉኝ። «መስመር አዋቂ ነኝ ትል የለ? እንግዲያው ሥራትና እንያት።» ወደይ ማለት በእሳቸው ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። ሲቆጡም ሲደሰቱም ይሉኛል።

ያን ሳምንት ምሳ አልበላሁም። መሥሪያ ቤት የቀን ሥራዬን እየጨረስኩ፣ በምሳ ሰዓት አዮዋን ሣልኳት። ወረቀት በዚያ ዘመን ብርቅ ስለነበር ከሚጣሉት መሐል አንድ ትልቅ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የንድፍ ወረቀት መረጥኩ። በአንድ ፊቱ የተሰረዘ የከተማው ማስፋፊያ ፕላን ነበረበት፤ እኔ በሌላው ፊት ሠራሁ። ከበስተጀርባ ያለው መስመር እንዳይረብሸኝ መርከቧን ያሳረፍኳት ባዶ ቦታ ፈልጌ ነው። ባዶው ቦታ፣ ያኔ አላሰብኩትም እንጂ፣ ሐይቁ ነበር። ከዚያ መድፎቿ የሚመቱበትን ርቀት በኮምፓስ በክብ በክብ አሰመርኩ። ጥጉ ላይ ጎኗን ሰንጥቄ፣ ወፍራሙ ብረት በአሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ወደ ውስጥ ማጋደሉን አሳየሁ። የአዮዋ ምስጢር ያለው እዚያ ነው፤ ብረቱ ስላጋደለ የመጣው ጥይት ይንሸራተታል። ያችን መስመር ስስል ትንፋሼን ይዤ ነበር።

እንደ መሥሪያ ቤታችን ደንብ ከታች ሦስት ሳጥን አሰመርኩ፤ ያዘጋጀው፣ የመረመረው፣ ያጸደቀው። ደንቡ ደግሞ አዘጋጁ የሚፈርመው ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ ሥራው ተመርምሮ ሳይጸድቅ ስሙን አያኖርበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ወስጄ ሰጠኋቸው። ጋሽ በርሄ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀይ እርሳስ አውጥተው «የመረመረው» በሚለው ሳጥን ሙሉ ስማቸውን ጻፉና ፈረሙ። ከጎኑ ደግሞ «ያጋደለው መስመር ልክ አይደለም» ብለው ጨመሩበት። አሥራ ዘጠኝ ነው አልኳቸው። ከአሥራ ዘጠኝ በላይ ተኝቷል አሉኝ። በዓይን ዲግሪ አይለካም ብል፣ «ለክተህ አሳየኛ» አሉኝ። የንድፍ ሠራተኛን በፕሮትራክተር መመርመር ስድብ ነው ብዬ አኮረፍኩ። እሳቸውም ስህተቱን እስካላመንኩ ድረስ «ያጸደቀው» ላይ እንደማይፈርሙ ነግረውኝ፣ ደንበኛ አይቶ እንዲፈርድ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጠፉት።

መስኮቱ በስተምሥራቅ ነበር። የጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ስትመታው፣ የሁለቱ ፊት ንድፍ አንድ ላይ ሆነ።

እኔ አንድ የአዮዋ ደጋፊ ጓደኛዬን ልጠራ ሄጄ ነበር። ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁ። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጋሽ በርሄን መሐል አስገብተው ይወስዷቸዋል፤ አንዱ ወረቀቱን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይዟል። ጋሽ በርሄ እያነከሱ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳያዩ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ስታወራ የምትዘላትን ነገር ልናገር። እኔ ብስክሌቴን አዞርኩ። በዚያው ጠዋት እሳቸው ያጠበቁልኝን ፍሬን እንኳ ሳልይዝ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤታችን እስክደርስ አልቆምኩም። ወረቀቱ ላይ የእኔ ስም የለም፤ ያለው የእሳቸው ብቻ ነው። ይህን ያሰብኩት ከመንገዱ ማዶ ሳልነሳ በፊት ነበር። እዩኝ እንግዲህ፣ የጀግናውን የመጀመሪያ ሐሳብ።

እናቴ የሆነውን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «ይህን ሁሉ መርከብ ከየት አመጣኸው?» አለችኝ። «እኛ እዚህ ያለን ዓሣ ብቻ።» ከዚያ ተንበርክካ መጸለይ ጀመረች። እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁ፤ የጸለይኩት ግን ስሜ እንዳይነሳ ነበር።

እሑድ ለተብርሃን መጣች። ያኔ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትሠራ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእግዜር ይስጥልኝና ከደህና ዋል በቀር ብዙ አልተነጋገርንም። ቀበሌ ለታሰሩት አባቷ ምግብ አድርሳ መመለሷ ነበር፤ ባዶው ሳህን በፎጣ እንደተጠቀለለ እጇ ላይ ነው። ዓይኗ አብጧል። አባቷ ባሕርተኛ የነበሩ የትግራይ ሰው መሆናቸው ብቻ ለግማሽ ክስ እንደበቃ፣ አሁን ደግሞ የከተማውን ካርታ ከነመድፉ ስለው ተገኙ እንደተባለ፣ ለበላይ አካል ሊላኩ ደብዳቤው እየተጻፈ እንደሆነ ነገረችኝ። በዚያ ዘመን ለበላይ አካል ተላከ የተባለ ሰው ሁልጊዜ አይመለስም ነበር።

«አንተ እንደሠራኸው አውቃለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አባዬ ግን ስምህን እንዳላነሳ አስምሎኛል። እኔ ነኝ የሠራሁት ብሎ ፈርሟል።»

ያን ጊዜ ተነስቶ አብሯት የሚሄድ ሰው ጀግና ይባላል። እኔ ማመልከቻ ልጻፍ እንዴ አልኳት። ትንሽ አየችኝና፣ እሺ ብላ ሄደች። ያን አስተያየቷን እስካሁን አልረሳሁትም፤ እሷ ግን፣ ይገርማችኋል፣ ረስታዋለች።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ገብቼ ጠረጴዛዬ ላይ ካቀረቀርኩበት ሳልነሳ አለቃዬ ጠሩኝ። ቀበሌው በማኅተም ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ በጠላት እጅ የተሠራ አንድ ንድፍ ስለተገኘ፣ አንብቦ የሚያስረዳ ባለሙያ ይላክልን ይላል። አለቃዬም «ከአንተ የተሻለ የንድፍ ሰው የለንም» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ ላይ የደረሰው በውሎ አበል ነው።

መንገዱን ሁሉ የምለውን አጠናሁ። የማላውቀው እጅ ነው፣ የጀማሪ ሥራ ነው፣ የከተማው ፕላን ከመርከቡ ጋር አይገናኝም። ሦስት ዓረፍተ ነገር፤ ከዚያ ወደ ቤት። ራሴን ጋሽ በርሄንም በዚህ እረዳቸዋለሁ ብዬ አሳመንኩት።

የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ሽብሩ ይባል ነበር። ግዙፍ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ በር ላይ ጠመንጃ የያዘ አንድ ጥበቃ፣ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ ባዶ ሣጥን ላይ የተቀመጡ ጋሽ በርሄ። ሁለት ቀን ውስጥ አርጅተዋል። አዩኝ፤ ከዚህ በፊት አይተውኝ እንደማያውቁ ሆነው ዓይናቸውን መለሱ። የጽሕፈት መኪናው ላይ ግማሹ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር።

ጓድ ሽብሩ ወረቀቴን አንስቶ መስኮቱ ላይ በብርሃን ዘረጋው። ያኔ ነው እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት። አዮዋ ዘጠኝ መድፏን ደግና አዋሳ ሐይቅ መሐል ቆማለች። አንዱ ክብ ጦር ሠፈሩ ላይ፣ አንዱ የክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ላይ፣ ትልቁ መናኸሪያው ላይ አርፏል። ባዕድ ሆኜ ብመረምረው እኔም እሰሩት ነበር የምለው።

«ጓድ ባለሙያ» አለኝ። «ይኼን የሠራው ልምድ ያለው እጅ ነው ወይስ የጀማሪ?»

ከዚህ የተሻለ በር ማን ይከፍትልኛል? የጀማሪ ነው ብል፣ አንድ የብስክሌት ጠጋኝ ሽማግሌ ሲቸግረው የሞነጫጨረው ይሆናል። አፌን ከፈትኩ። እናንተዬ፣ «የጀማሪ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ያን ሳምንት ሙሉ ያለ ምሳ የዋልኩባትን መርከብ አየኋት፤ ቃሉ አልወጣም አለኝ። እንደምንም ውጬው ልናገር ስል ጋሽ በርሄ ከማዕዘኑ ተናገሩ።

«ምን ልምድ አለው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ» አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ። «እኔ ነኝ የሠራሁት ብያችኋለሁ። ማስመሪያ መያዝ አላውቅ። እዩት፣ መስመሩ እንደ ሰካራም ይሄዳል። የጎኗን ብረትማ ጭራሽ አጋድሜ አስተኝቼዋለሁ። የልጅ ሥራ ነው፤ ልጅ እንኳ ከዚህ ይሻላል።»

ደሜ ከእግር ጥፍሬ ተነስቶ ጆሮዬ ድረስ ወጣ።

«የቱ መስመር ነው እንደ ሰካራም የሚሄደው?» አልኩ።

ጓድ ሽብሩ ዞሮ አየኝ። ጋሽ በርሄ አልዞሩም። «ሁሉም» አሉ።

«ሁሉም? ይኼ? ይኼ መስመር?» ወረቀቱን ከጓድ ሽብሩ እጅ ቀምቼዋለሁ፤ መቀማቴን የነገሩኝ በኋላ ነው። «ይኼን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሁለት ቀለም፣ አንድም ቦታ ሳልሰርዝ። እሳቸው ማስመሪያ ጨብጠው አያውቁም፤ የፈረሙት መርማሪ ሆነው ነው። የጎኑ ብረት አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ አይጎድልም፣ አንድ አይተርፍም። ፕሮትራክተር ይምጣ።»

እጄን ለፕሮትራክተሩ ዘረጋሁ።

«ፕሮትራክተር የለንም» አለ ጓድ ሽብሩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ ነው። ሄጄ ጋሽ በርሄ የተቀመጡበት ሣጥን ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ጠጋ አሉልኝ።

ጓድ ሽብሩ ሞኝ ሰው አልነበረም። አንድ ጥፋት ሁለት ባለቤት ሲጣላበት አይቶ ስለማያውቅ ይመስለኛል፣ ከጽሕፈት መኪናው ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመጀመሪያው እንድናገር አዘዘኝ። ስለ ጎማው፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ሁለቱ መርከቦች፣ ከሚጣሉት መሐል ስላነሳሁት ወረቀት ተናገርኩ። የመርከቧና የከተማው መለኪያ ስለማይገናኝ፣ እንደዚህ ንድፍ ከሆነ አዮዋ አዋሳ ሐይቅን ልታህል ምንም እንደማይቀራት ለማስረዳት ሞከርኩ። አላመነኝም። እውነትህን ከሆነ እዚሁ ፊቴ ሥራት ብሎ የበዓል መፈክር የተጻፈበት ወረቀት ገልብጦ ሰጠኝ።

ጀመርኩ። አፍንጫዋን፣ መድፎቿን፣ ማማዋን ሠራሁ። የጎኗን ብረት ሳሰምር ጋሽ በርሄ አንገታቸውን አሰገጉና፣ «አሁንም አጋደልከው» አሉ። «ጋሽ በርሄ፣ እባክዎ» አልኩ። «የያማቶን ብረት እንዲህ ቢያስተኙት ኖሮ ገና ከወደቡ ሳትወጣ ትሰምጥ ነበር» አሉ። እኔም ለያማቶ መስመጥ የብረት ማጋደል አያስፈልጋትም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ስለ ንቡና ስለ አንበሳው ተነሳ። ስለ ፍጥነት ተነሳ። እሳቸው በሰባራው ጉልበታቸው ቆመው ነበር፤ እኔ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ነበር። የት እንዳለን ሁለታችንም ረስተናል። ጥበቃው በሩን ትቶ ገባና፣ «ታዲያ ያ ሁሉ መድፍ እያላት አይሮፕላኖቹን ለምን አልጣለቻቸውም?» ብሎ ጋሽ በርሄን ጠየቀ። እኔ «ተባረክ» አልኩት።

ጓድ ሽብሩ አገጩን በእጁ ደግፎ ሲያየን ቆየ። በመጨረሻ እጁን አነሳና ዝም አልን።

«ሁለቱም የኢምፔሪያሊስት መርከቦች ናቸው» አለ። «የሶሻሊስቱ ጎራስ? በዚያ ዘመን የነበረው የሶቪየት የጦር መርከብ ከነዚህ አይበልጥም?»

መልሱን አውቀዋለሁ። በዚያ ዘመን ከነዚህ ጋር የሚወዳደር ተሠርቶ ያለቀ መርከብ አልነበራቸውም። ልናገር ትንፋሽ ስስብ፣ የጋሽ በርሄ ከባድ ጫማ እግሬ ላይ አረፈ።

«የእሱ ንድፍ፣ ጓድ» አሉ ረጋ ብለው፣ «እስከ ዛሬ በምስጢር የተያዘ ነው። በእኛ መጽሐፍ አይወጣም።»

ጓድ ሽብሩ ራሱን ነቀነቀ። ይህ መልስ አረካው። ከጽሕፈት መኪናው ግማሹን ደብዳቤ አወጣና አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «እንደ እናንተ አድርጎ የሚጨቃጨቅ ሰላይ የለም» አለ። ሆኖም መሥሪያ ቤቴ ወረቀቱ የተጣለ መሆኑን በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ሁለታችንንም እስከ ረቡዕ አስቀመጠን። ለተብርሃን በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ አመጣችልን፤ ሳህኑ ላይ ሁለት ሰው የሚበላው ነበር። ረቡዕ ወረቀቱን ሲመልስልን «ታይቷል» ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት። ማኅተሙ ያረፈው ከኋለኛው መድፍ በላይ ነው።

እሑድ ነዋሪው በተሰበሰበበት ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ቆሜ፣ በንዑስ ከበርቴ ስሜት ተገፋፍቼ የጠላት መርከብ መውደዴን ተናዘዝኩ። ሰው ከንፈሩን እየነከሰ ሳቁን ያዘ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ለተብርሃን ግን አልሳቀችም፤ ታለቅስ ነበር። ጥበቃው ወሬውን ከተማ ውስጥ ነዝቶት ነበርና፣ ባለሙያው ልጅ ሽማግሌው እንዳይሞቱ ብሎ «እኔ ነኝ» አለ ይባልልኝ ጀመር። ስለ ፕሮትራክተሩ ማንም አላነሳም።

እኔ ያን ቀን አርሜ መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን አንዲት ቆንጆ ልጅ በዚያ ዓይን ስታያችሁ፣ አይ፣ እኔ እንኳ የተናገርኩት ስለ መስመሬ ነው ማለት የምትችሉ ካላችሁ፣ እናንተ ከእኔ ትበልጣላችሁ። በዓመቱ ተጋባን። ጋሽ በርሄ ሲመርቁን፣ «ለሰው የሚቆም ባል ነው የሰጠሁሽ» አሏት። እኔ ምግቤን አቀርቅሬ በላሁ።

አንድ ነገር ግን ተለወጠብኝ፤ ይህን ሳላሳምር ልናገር። ሰው ሁሉ ለእውነት የሚቆም ስላለኝ፣ እንደዚያ እየመሰልኩ መኖር ግድ ሆነብኝ። መሥሪያ ቤት ሰው ሲበደል ዓይኖች ወደ እኔ ይዞራሉ። እየፈራሁ እነሳለሁ። ስንት ጊዜ ተነስቼ ተናገርኩ መሰላችሁ፤ ሁሉም ያንን የሌለ ጀግና ላለማሳፈር ነው። የተዋሱት ልብስ እንዳይቆሽሽ እንደሚጠነቀቁት ሆኖ ዕድሜዬ አለፈ።

ደርግ ወድቆ፣ ልጆቻችንም አድገው፣ ጋሽ በርሄ በመጨረሻው ሕመማቸው እኛ ቤት ተኝተው ሳለ ከበደኝ። ለተብርሃን ሥራ ሄዳ ነበር። አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብስክሌቱን ማዞሬን፣ ያጠናኋቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች፣ በመስመሬ ባይመጡብኝ ኖሮ ክጄያቸው ወደ ቤቴ እሄድ እንደነበር ነገርኳቸው። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

ሳሉ መሰለኝ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ወደይ» አሉኝ ሲበርድላቸው፣ «ታዲያ መስመርህን ለምን የሰደብኩት ይመስልሃል? እኔ ብቻዬን ከቀረሁ ሰላይ ነኝ፤ ሁለት ሆነን ከተጨቃጨቅን ግን ሁለት ዕብዶች ነን። በሩ ላይ ስትገባ ፊትህን አየሁት። ለእኔ ብለህ እንደማትናገር አወቅሁ። ለመስመርህ ግን ትሞታለህ።»

«ይህን እያወቁ ነው ልጅዎን የሰጡኝ?»

«ለአንድ ነገር የሚሞት ሰው ማግኘትም ቀላል አይደለም» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ስነሳ፣ «መስመሩ ግን» አሉ፣ «ያጋደለ ነው።»

ተናድጄ ወጣሁ። በሞት አልጋ ላይ ባለ ሰው መናደድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ተናደድኩ። ከለተብርሃን ሣጥን ውስጥ ወረቀቱን አወጣሁ፣ ከመሳቢያዬ ፕሮትራክተር አወጣሁ፣ መነጽሬን አደረግሁና ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ወረቀቱን አዙሬ እንደገና ለካሁ።

ሃያ ሦስት ዲግሪ ነው።

ምሳ ሳልበላ የዋልኩባት፣ ሰው ክጄ ለእሷ ግን የታሰርኩላት መስመር ልክ አልነበረችም። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ተመልሼ ገባሁና፣ «ሃያ ሦስት ነው፣ ጋሽ በርሄ። ተሳስቻለሁ» አልኳቸው። ይህን ቃል ስለ መስመር ስናገር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፤ ቀይ እርሳስ አቀበልኳቸው። «ያጸደቀው» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ ስማቸውን ጽፈው ለመጨረስ ብዙ ደቂቃ ወሰደባቸው። ከዚያ እርሳሱን መለሱልኝ። በደንባችን መሠረት፣ እኔ መጨረሻ ላይ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት አረፉ። ለተብርሃን ወረቀቱን በመስታወት አስገብታ የሰቀለችው ከሠልስቱ በኋላ ነው። አዲሱን ቀይ ፊርማ ስታየው ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት የምታነበው እሷ ናት። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ትቼላት ጓሮ ወጥቻለሁ፤ የምሸሽበት ብስክሌት ግን ዛሬ ቤት ውስጥ ነው።